ከካማሺ የሚመጡ አውሬዎች

ጸሐይነሽ ሳቋ አላስተነፍስ ብሏት ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጣለችው። ፍየል ነው። ፍየሉ ግን ክራቫት አስሯል፣ ከጀርባው የአሞራ ክንፍ አብቅሏል፣ አስተያየቱ ደግሞ ስብሰባ የሚመራ ሰው አስተያየት ነው።

«ይሄ ያ የልጄ ርእሰ መምህር ነው» አለች ጎኗን ይዛ።

ቆዩ ግን፣ ሳቃችሁን አትጨርሱት። ዋናው ሳቅ ገና ወደፊት ነው።

ጸሐይነሽም ባሏም ፊደል አልቆጠሩም። ልጇ ኢልሊ ካማሺ ውስጥ ስልክ የማይሠራበት ቀበሌ አስተማሪ ሆና ስትመደብ ነገሩ አሳሰባቸው። ደብዳቤ ቢላክ አንባቢው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ያነበበውን ደግሞ ባምባሲ ከተማ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ እናትና ልጅ ዘዴ አበጁ። ኢልሊ በእርሳስ እየሣለች ትልካለች። የጠገበች ላም ከመጣች ልጅቷ ደህና ናት። ጎድኑ የሚቆጠር ውሻ ከመጣ በርበሬና ሽሮ ላኪ ማለት ነው። እንደዚህ በዓለም ላይ የሌለ አውሬ ከመጣ ግን የሆነ ሰው አናዷታል።

ወረቀቱ ከመኪና መኪና እየተላለፈ ይደርሳል። ድሮ ሹፌሮቹ እቤት ድረስ ያመጡት ነበር። አሁን አሁን ወፍጮ ቤት ነው የሚተዉት፤ የወፍጮው ባለቤት ባሏ ረጋሳ ነውና ማታ ይዞ ይገባል።

ረጋሳ አልሳቀም።

«እግሩን እየው እስቲ» አለችው። «የኋላ እግሩ የጠረጴዛ እግር ነው። ልጅህ እጇ ሰነፈ። ያለፈው አህያማ ድንች ነበር የሚመስለው።»

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

«ግን ይሄኛው ይሻላል።»

«ይሻላል አይደል?» አለ ፈጠን ብሎ። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ይሄ መውጣት ነው እንግዲህ የጸሐይነሽን አንጀት የሚያሳርረው። ድሮ ወፍጮው እንደቆመ ቤቱ ነበር የሚገኘው። አሁን ፀሐይ ዘወር ስትል ሹልክ ይላል። ሲመለስ ፊቱን ይታጠባል፣ ምግቡን ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል፣ ዓይኗን አያይም።

አንድ ቀን ሸሚዙን ልታጥብ ስታነሣ እጅጌው ላይ ጥቁር ነገር አየች። የወፍጮ ሰው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ነው፤ ጥቁሩን ከየት አመጣው? በጣቷ ስታሸው ለስለስ ብሎ፣ አብለጭልጮ ተቀባ። ኩል ነው አለች። መዳፉን ሰርቃ ብታይ፣ በትንሿ ጣቱ በኩል እዚያም አለ።

ኩል የምትኳል ደግሞ ከገበያው ጀርባ ዐርዋ አለች። ዐርዋ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ የሱቅ ማስታወቂያ ትጽፋለች፣ በየሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሬ ትሥላለች፣ ባል የላትም። ዓይኗን ተኩላ ስትወጣ መንገደኛው እንቅፋት ይመታዋል።

ሰፈሩም አውቋል። ጸሐይነሽ ውሃ መቅጃው ጋ ስትደርስ ወሬው ቀጥ ይላል። ገላኔ እንኳ መጣች። ገላኔ የረጋሳ እህት ናት፤ ጸሐይነሽን ባገኘቻት ቁጥር ሳትነቁር አታልፍም። ያን ቀን ማር ይዛ መጣች።

«ምነው፣ ቤት ተሳሳትሽ?» አለቻት ጸሐይነሽ።

«ልይሽ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

እህቴ ብላት አታውቅም። ስትወጣ በር ላይ አቅፋት ቆየችና «ጌታ ያበርታሽ» አለቻት።

ባል ሲከዳ እንዲህ ይታዘናል ማለት ነው፣ አለች ጸሐይነሽ በልቧ፤ ማሩንም ሳትከፍት አስቀመጠችው። ሰው ቢያዝንላት ምን ያደርግላታል። ለልጇ መንገር ፈለገች። ግን «አባትሽ ከዳኝ» እንዴት ተደርጎ ይሣላል? እሷ የምትችለው ዶሮ ብቻ ነው። ጀርባዋን የሰጠች፣ ራሷን የደፋች ዶሮ ሣለች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ለረጋሳ ሰጠችው፣ በሹፌር እንዲልክላት።

ረጋሳ ዶሮዋን አያት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«እልካለሁ» አለ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ይኸው፣ አለች፣ ጥፋቱ ፊቱ ላይ ተጻፈ።

በማግስቱ ተከተለችው። እግሩ በቀጥታ ወደ ዐርዋ ቤት መራው። ጸሐይነሽ መንገዱን ሙሉ ስድብ ስትመርጥ ነበር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ የተሻለውን ለዐርዋ አስቀርታ፣ የባሰውን ለባሏ። መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ሴት የለችም። ረጋሳ ብቻውን ዱቄቱን እንደለበሰ በርጩማ ላይ ጎብጧል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በእርሳስ ዝሆን ይሥላል። ዝሆኑ የዶሮ እግር አለው። ሆዱን አጠቆረው፣ ከዚያ ጥላ እንዲመስል በመዳፉ ጠርዝ አሸው።

ጸሐይነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ነው ኩሉ? አንተ ሽማግሌ፣ ለልጅህ ልትሥልላት ነው ተደብቀህ የምትማረው? እኔ እኮ ሴት ይዟል ብዬ፣ አንተን ደግሞ የሚፈልግ ያለ ይመስል...»

መጨረስ አቃታት። ሳቀች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በዚህ መሐል ዐርዋ በጓሮው በር ገባች። መሬት ላይ የተቀመጠችውን፣ ፊቷን የሸፈነችውን፣ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠውን ሴት አየች። የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አኖረች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና አቀፈቻት።

«ነገረሽ? አልሐምዱሊላህ። እኔ ስንቴ ብዬዋለሁ፤ እናት አይደለችም እንዴ፣ ማልቀስ አለባት። የሞተ ልጅ እስከ መቼ ሥዕል ይልካል?»