ደንበኛው ራሳቸው ካልጠየቁ

ግንቦት 11 ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ወንድሜን አስናቀን በቀበርን ማግስት እናቴ ቤት ስደርስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ለገሠ የልቅሶውን ድንኳን ያስፈርሳሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«አስናቀ ራሱ ደውሎ ነው ልጄ። ‹ደህና ነኝ፣ ሰው አታስቸግሩ› አለኝ። ምን ልበለው?»

ሰው ሲሞት የስልክ ኩባንያው መስመሩን አይዘጋም፤ መስመሩ በሟቹ ድምፅና ጠባይ መደወሉን ይቀጥላል። እናቴ ጥቁር ሻሿን ፈትታ ከእሱ ጋር በስልክ ትስቃለች።

ኩባንያው ዘንድ ደወልኩ።

«የወንድሜን መስመር ዝጉልኝ!»

«እህቴ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ ስልክ አለው፤ አዲስ ደንበኛ ከየት እናምጣ? ግማሹ ገቢያችን ሟቾቻቸውን ከሚያናግሩ ሰዎች ነው፤ ወደፊትም የምናድገው በእነሱ ነው። መስመሩ የሚዘጋው ደንበኛው ራሳቸው ሲጠይቁ ብቻ ነው።»

«ደንበኛው እኮ ሞቷል!»

«ይደውሉላቸው፤ ያነሳሉ።»

አነሳ።

«አስኔ፣ ተቀብረሃል እኮ! እንኳን ልናርፍ፣ ማልቀስም አልቻልንም። መስመርህን አስዘጋ።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ችኩል ነሽ። ለእማዬ ማን ይደውልላታል?»

«እኔ።»

«እሺ በቃ፣ አትነዝንዢኝ» አለ፣ ሱቅ ተላክ ሲባል እንደሚለው።

አመሻሹ ላይ መስመሩ ተዘጋ። ድንኳኑ ተመልሶ ተተከለ፤ ሰዉም አለቀሰ። እናቴ ግን ከጓዳ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እደውልላታለሁ፤ አታነሳም።