ነገ ና እና የኒኬል ሽጉጡ

ሰፈሩ ስሙን ረስቶት «ነገ ና» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት ሲወለውልና እንዲያበራ በኒኬል ሲነክር አንድም ሥራ በቀጠሮው ቀን አስረክቦ አያውቅም። የአልጋ ራስጌ ያመጣለት ሰው መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ከርሟል። ሲቆጡት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይልና ወደ ሥራው ይዞራል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። እጁ ወርቅ ነው፤ ቀን መቁጠር ብቻ አይሆንለትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት መጣች፤ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ፎጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ስድስት ጥይት የሚጎርስ አሮጌ ሽጉጥ ነበር። ነገ ና ባዶ መሆኑን አይቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው። አፈሙዙ ላይ ኒኬሉ ተልጦ ብረቱ ጠቁሯል። ጎኑ ላይ የተቀረጸው አበባ ግን ገና ጥርት ብሎ ይታያል።

«የአባቴ ነው» አለች። «ምን ቢደረግ ይሻላል?»

«ሁለት መንገድ አለው። እንዲሁ ብወለውለው ለከሰዓት ይደርሳል፤ የተላጠው እንደተላጠ ሆኖ ያበራል። ወይ ደግሞ አሮጌውን ኒኬል ገፍፌ እንደ አዲስ እነክረዋለሁ። እሱ ወር ይፈጃል። አበባውም ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል።»

«ወር?»

«ቢበዛ» ብሎ ዋሸ።

«ሥራ ያቆያሉ ብለውኛል።»

ሰበብ ሊደረድር አፉን ሲከፍት ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ግድ የለም፣ ጥሩ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። እስቲ ላስብበት። እስከዚያው እርስዎ ጋ ይቀመጥ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

በሳምንቱ መጥታ «ይወልወል» አለች። ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል «ቆይ፣ ቆይ! ኒኬሉ ሳስቷል አይደል? ጭራሽ ቢላጥስ?» ብላ ሐሳቧን ለወጠች። በሦስተኛው ማክሰኞ «ይነከር» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ለአበባው አዘነች። በመጣች ቁጥር በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች፣ በቀልዱም ትስቃለች። ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በቀልዱ የሳቀለት ሰው አልነበረም። እርግጥ ቀልዱም ያን ያህል አያስቅም።

ነገ ና ማክሰኞ ማክሰኞ መላጨት ጀመረ። አራት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሲጥል የኖረውን በርጩማም ጠገነው።

ምሳ ልታደርስለት የመጣችው ታላቅ እህቱ የተላጨ ፂሙንም የተጠገነውን በርጩማም አይታ፣ ምክንያቱንም ስትሰማ ሳቀችበት።

«አንተ ሞኝ፣ ሰው ለአንድ ሽጉጥ አምስት ጊዜ ይመላለሳል?»

«መወሰን አቅቷት ነዋ።»

«እሷማ ወስናለች! ያልገባህ አንተ ነህ።»

«ተይ እንጂ። ሲያልቅ ቤት ድረስ ላምጣልዎ ብላት እንኳን ደነገጠች። እኔው እመጣለሁ፣ እባክዎ እንዳይደክሙ አለችኝ።»

«ታዲያ አንተ ከሄድክላት እሷ በምን ሰበብ ትምጣ?»

ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ግጥም አለለት።

በስድስተኛው ማክሰኞ ሴትዮዋ ቁርጧን ተናገረች። «ይነከር። ግን እንዳይቸኩሉ አደራ። የዛሬ ወር መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ወር! አራት ማክሰኞ እሷን ሳያይ ሊያልፍ ነው። ነገ ና ሰው እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ወሩ ሳይሞላ ሊጨርሰው ወዲያው ሥራውን ያዘ። አሮጌውን ኒኬል ገፈፈ። አበባውን ማሽን አላስነካውም፤ ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ቅጠል ቅጠሉን በእጁ አሸው። ከዚያ ነከረው፣ አደረቀው፣ ወለወለው። በዘጠነኛው ቀን ሽጉጡ ፊት የሚያሳይ መስታወት ሆነ፤ አበባውም አልደበዘዘም።

እህቱ ሦስት ሳምንት ከቀጠሮው ቀድሞ መጨረሱን ስትሰማ ትኩሳት እንዳለው ለማየት ግንባሩን ነካችው። ቀጥላ «በል አሁን ውሰድላት» አለችው። «ሴት ልጅ ነገ ና አትባልም።»

እሁድ ከሰዓት ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሽጉጡን በቀይ ከፋይ ጠቅልሎ ደረሰኙ ላይ ወዳስመዘገበችው አድራሻ ሄደ። መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲለማመድ ነበር፦ «ዋጋ አልቀበልዎትም፤ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ።» እምቢ ብትለው ወደዚያ ጸጥ ወዳለ ሱቅ እንዴት እንደሚመለስ አላሰበበትም፤ ማሰብም አልፈለገም።

በሩ ላይ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ መኪና ቆሟል። ሲያንኳኳ ፊታቸውን ያኮሳተሩ ረጅም ሽማግሌ ከፈቱለት። እሷም ከኋላቸው ብቅ አለች፤ ያማረ ቀሚስ ለብሳ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛለች። ስታየው ደንግጣ ፊቷን ወደ ሳሎኑ መለሰች።

ዓይን አፋርነቷ ነው ብሎ ደስ አለው። የተለማመደው ዓረፍተ ነገር ግን ከአፉ ጠፋ። ከፋዩን ገለጠና ሽጉጡን ለአባትየው ዘረጋ።

የሽማግሌው ፊት በራ። «ሁለት ወር ሊሞላ ነው ይህን ፍለጋ ቤቱን ስገለብጥ!» ብለው ሽጉጡን ተቀበሉትና ከኪሳቸው ጥይት እያወጡ ሳሎኑ ውስጥ ወደተቀመጠው ጎልማሳ እንግዳ ዞሩ። «በል አንተ ባለ ከረቫት፣ ልጅዎን ላግባ ያልከኝን አሁን ድገምልኝ እስቲ!»