የገብርኤል ጃንጥላ

ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። የሻሽወርቅ ግን ለታኅሣሥ ገብርኤል የተሳለችውን ጃንጥላ አስቀድማ ገዝታ፣ ባሕር ማዶ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁማዋለች። ልጇን በቴሌቪዥን ለማየት የካዚኖ የሥራ ሺፍቷንም ለምና ቀይራለች። የኮሌጆቹ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ልጇ ያፌት ከመልበሻ ክፍል ደወለ።

"ዛሬ ታሸንፋላችሁ፤ ተስያለሁ" አለችው።

"ማሚ፣ እነሱ እኮ ሪች ኮንፈረንስ ናቸው፣ የሀብታም ኮሌጆች ሊግ። ከቲቪ ብዙ ብር ያገኛሉ፣ ጥሩ ተጫዋች ሁሉ እዛ ይሄዳል። ለኛ ኮሌጅ ከፍለው ነው ያስመጡን። ሁሌ እንሸነፋለን። በዛ ብር ነው የኮሌጃችን ፉትቦል ቲም የሚኖረው።"

"ታዲያ አንተ ለምን ሄድክ?"

"ኮች ሂዱ አለ" ብሎ ዘጋው።

እረፍት ሳይደርስ በሠላሳ ነጥብ ተመሩ። አዳራሹ በኮሮና ምክንያት ባዶ ስለነበር፣ ያፌት በወደቀ ቁጥር የጉልበቱ ድምፅ ሳሎኗ ድረስ ተሰማት። ጃንጥላውን አንሥታ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

"ገብርኤል አባቴ፣ ማሸነፉ ይቅር" አለች። "ጃንጥላህን አልከለክልህም። ሰዓቱን ብቻ አፍጥንልኝ።"

ሰዓቱ ግን ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር ይቆም ነበር።