የማይታየው ቃል

«እማ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፍሽው ወይስ አልጻፍሽውም?» አለቻት ልጇ የሻንጣዋን ዚፕ እየጎተተች። እናትየው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተጭናቸዋለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልወጣችም። ያልገባ መስሏት ደግማ ጻፈችው። ኮምፒውተሩም ለሁለተኛ ጊዜ «ተሳስተሻል» አላት።

ልጅቷ ትናንት ዊንዶውሱን አጥፍታ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት የጫነችው አሮጌው ኮምፒውተር እንዲፈጥንላት ብላ ነበር። አሁን ቪዲዮ ማጫወቻ እንኳ የለውም፤ ልጫንብህ ሲሉት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። «በዊንዶውስ ሁለቴ ጠቅ አድርጌ እከፍተው ነበር» አለች እናትየው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?» ለልጇ ልታሳያት የፈለገችው ቪዲዮ አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሷ ራሷ በጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ሁሉ ፊት ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነብ የተቀረጸ። ልጇ ይህን ሳታይ እንድትሄድ አልፈለገችም። ውጭ የሚጠብቀው መኪና ክላክስ ነፋ።

«በቃ አንቺው ጻፊልኝ!»

«እኔ ስሄድ ማን ሊጽፍልሽ ነው? ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ነው ቃሉን የሚደብቀው እማዬ። ባይታይም ይገባል፤ አንዴ ብቻ ጻፊው።» ግንባሯን ስማት ወጣች። እናትየው ጥርሷን ነክሳ የማይታየውን ቃል አንዴ ብቻ ጻፈችው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ወረደ። ማጫወቻው ተጭኖ ቪዲዮው ሲከፈት መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ታጥፎ ነበር። ልጅቷ ሄደች። እናትየው ቀረች፤ ስክሪኑ ላይ ጮክ ብላ የምታነበው ሴትም አብራት ቀረች።