የደቡብ ዋልታ በረዶ ሥጋ ቤት ውስጥ

ናዝሬት ፍሪዘሩን ያየችው ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ነው። ከሥጋ ቤቱ ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ክዳኑ በመጥረጊያ እንጨት ተደግፏል። የሳሙና ውሃ ከሥሩ እየተንዠቀዠቀ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

«እትዬ ገዲሴ! በረዶዬስ?»

የሥጋ ቤቱ ባለቤት የኮርሳ ሚስት ገዲሴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ጠዋት ከሀና ማርያም ያመጣችውን ቄጤማ ግንባሯ ላይ አስራ ፍሪዘሩን ትፈገፍጋለች። ናዝሬትን ስታይ ፊቷ በራ።

«መጣሽ የኔ እህት? አይዞሽ፣ አልጣልኩትም። ‹የዶክተሯን ዕቃ እንዳትጥይ› ብሎኛል ኮርሳ በሬ ሊገዛ ሲወጣ። ይኸው ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩልሽ።»

በሩ ጥግ አንድ የላስቲክ ሳፋ አለ። ቁጥር የተጻፈባቸው የበረዶው ከረጢቶች ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ሳፋው ውስጥ ከሦስቱ ቁራጮች ሁለቱ ውሃ ሆነዋል። ሦስተኛው ጡጫ የምታህል ሆና ትንሳፈፋለች።

ናዝሬት እዚያው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች። «ለምን አወጣሽው? እትዬ ገዲሴ፣ ለምን?»

«ውይ! ከሥጋ ጋር ሊቀላቀል ነው እንዴ? ነገ እኮ ፋሲካ ነው! ቀዳም ሥዑር ጠዋት ሁሌም ይታጠባል። ደግሞስ ውሃ አይደል? ማታ ስንሰካው መልሶ ይረጋል።»

መልሶ ይረጋል! ምን ይባላል ለዚህ?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ናዝሬት አላጣችውም። የቤተ ሙከራው ፍሪዘር የተቃጠለ ዕለት፣ በረዶዋን ታቅፋ መድረሻ ባጣች ጊዜ፣ ሁዳዴ ሊገባ ስለነበር ሥጋ ቤቶች ሁሉ ሊዘጉ ነበር። ኮርሳ «ጾሙን ሙሉ ባዶውን ከሚቀመጥ ያንቺን ይያዝ» አላት። ምን ያህል ብልጥ ነኝ ብላ ነበር! ሥጋው የሚገባው ማታ ነው፣ እኔ ቀን መጥቼ አወጣለሁ ብላ አሰበች። ሥጋው ከመግባቱ በፊት ፍሪዘሩ እንደሚታጠብ አላሰበችም። ዶክተርነቷ እዚህ ላይ ምን ፈየደላት?

በረዶው የመጣው ከደቡብ ዋልታ ነው፤ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያን ጊዜም ዓለም እንደ ዛሬው ሞቆ ነበር፤ የዋልታው በረዶ ቀልጦ ባሕሩ በየአገሩ ዳርቻውን ውጧል። ግን ቀስ እያለ ነው የቀለጠው፣ ወይስ ድንገት? ሰው ለመሸሽ ጊዜ ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም? ናዝሬት ዕድሜዋን የፈጀችው በዚች አንዲት ጥያቄ ነው። በረዶውን የሰጧት ሰዎች ስንት ዓመት ካስለመኗት በኋላ ነው እሺ ያሉት፤ ሌላ ቁራጭ እንደማይሰጧት እቅጩን ነግረዋታል። የቤተ ሙከራው ፍሪዘርም መለኪያው ማሽንም ተጠግነው አልቀው በዓሉ እስኪወጣ ብቻ ነበር የሚጠበቀው።

«ገደልሽኝ!» አለች ሳታስበው። «ገደልሽኝ እኮ እትዬ ገዲሴ!»

ገዲሴ ብሩሹን ጣለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግርግር ነው። ገዲሴ ሮጣ የፍሪዘሩን ሶኬት ሰካች፤ ፍሪዘሩ አጉረመረመ እንጂ ሆዱ ገና ትኩስ ነው፣ እስኪቀዘቅዝ ይመሻል። ማዶ ላለው ባለሱቅ ጮኸች፤ «መሐሙድ! በረዶ የሚይዝ ነገር አለህ?» መሐሙድ የፍሪጁን መስታወት ከፍቶ አሳያት። «የለስላሳ ፍሪጅ ብቻ ናት ያለችኝ እናቴ፤ እሷም ዛሬ ኃይል አንሷት ላብ ላብ ይላታል።» ጎረቤት ያሉት ሥጋ ቤቶችም እንደ ኮርሳ ቤት ፍሪዘራቸውን ደጅ አውጥተው እያጠቡ ነው። ቤተ ሙከራው የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው፤ መንገዱን ደግሞ በግና ዶሮ ሞልቶታል።

ናዝሬት ስልኳን አወጣች፤ ማን ጋ እንደምትደውል ስታጣ መልሳ ከተተችው።

«እንዲህ መሆኑን መች አወቅሁ?» አለች ገዲሴ፤ እንባዋ መጣ። «ቀድቼ በጠርሙስ ልያዝልሽ? ጠብታ አይፈስም።»

«ውሃውን አይደለም የምፈልገው። ውስጡ ያለውን አየር ነው።»

«አየር?»

«እንጦጦ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሽ የለ? ከፍታ ላይ አየር ሳሳ ይላል። በረዶው ሲሠራ የዚያን ቀን አየር ውስጡ ይዘጋበታል። ያ አየር ቢለካ፣ የበረዶው ተራራ ያን ጊዜ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር ይነግረናል። ተራራው ቶሎ ቀልጦ ዝቅ ብሎ እንደሆነ እናውቅ ነበር። አሁን ማን ይነግረናል?»

ገዲሴ የገባት ምን ያህሉ እንደሆነ አይታወቅም። አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። ጡጫ የምታህለው በረዶ የባቄላ ቆሎ እሳት ላይ እንደሚፈነዳው ትንሽ ትንሽ ትፈነዳለች፤ ጧ፣ ጧ፣ እያለች፣ ደቃቅ አረፋ ወደ ላይ እየላከች።

«ይሄ ነው?» አለች ገዲሴ በሹክሹክታ። «አሁን እየወጣ ያለው?»

«አዎ።»

ገዲሴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና ሳፋው ላይ ጣለችው። ጠርዙን ዙሪያውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ። «ያዢልኝ በዚያ በኩል» አለች፤ «ያዢው እንጂ እህቴ፣ ይወጣል!»

ናዝሬት ነጠላውን አየችው። ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ይታያል። እጇን ዘርግታ በወዲያ በኩል ያለውን ጠርዝ ያዘች፤ ሁለቱ ሴቶች ሳፋውን መሐል አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከሥር ጧ ጧ የሚለው ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ አጥብቀው ያዙ።