ጌም ውስጥ ያሉት ሽማግሌ አይደክማቸውም

"አባዬ፣ አንድ ደቂቃ..."

ይሄንኑ ሲለኝ ሦስተኛው ነው።

ካፖርቴን ለብሼ ከልጄ ወንበር ኋላ ተቀምጫለሁ። የቀኝ ዓይኔ ሞራ የሚገፈፍበት ተራ ዛሬ ጠዋት ነው። ካለፈኝ ሌላ ተራ እስኪደርሰኝ ክረምቱ ይወጣል... ያለ አስታማሚ ደግሞ አይነኩኝም።

የሚወስደኝ ልጄ ነው።

የልጄ ሥራ ጌም መገምገም ነው። ይጫወታል፣ እየተጫወተ ያወራል፣ ሕዝብ በቀጥታ ያየዋል። ፊቱን የሚያውቀው ሕዝቡ ነው... እኔ የማውቀው ጀርባውን ነው።

የዛሬው ጌም ውስጥ ያለው ገና ወደፊት የሚመጣ ከተማ ነው አሉ። ለእኔ የሚታየኝ ብልጭታው ብቻ ነው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው።

"ጥንካሬውን ልንገራችሁ ጓዶች... ከተማው ጫፍ የለውም። ያየኸው በር ሁሉ ይከፈታል። ሐኪም ሁን፣ ሌባ ሁን፣ እንደ ልብህ ነው። ዝናቡን ደግሞ እዩት... ልብስ ያበሰብሳል እኮ።"

"ዝናብስ ውጭም አለ" አልኩት።

"እሺ አባዬ" አለና ወደ ሕዝቡ ተመለሰ።

"ወደ ድክመቱ ስንመጣ... መኪናው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እሱስ ይሁን። እኚህን ሽማግሌ ግን እዩልኝ። እርዳኝ አሉኝ፣ ትቻቸው ሄድኩ። ከተማውን ዞሬ፣ ተዋግቼ፣ ጸጉሬን ተቆርጬ ስመለስ... እዚያው ቆመዋል። አይቆጡም፣ አይሄዱም። እንዲህ ያለ ሰው የት አለ? ጭራሽ እውነት አይመስልም።"

ተነሣሁ።

ልክ ነዋ... እንዲህ ያለ ሰው የት አለ?

በሩን ዘጋሁት። ቀስ ብዬም አልዘጋሁት።

ደረጃው ላይ ግን ወኔዬ ከዳኝ። ጠርዙ አይታየኝም። ግድግዳ እየዳበስኩ ትንሽ ወረድኩና መሃል ላይ ቆምኩ... መውጣትም መውረድም አቃተኝ።

አንዲት ሴት ከታች እየሮጠች ወጣች። ምድር ቤት ልብስ የምትሰፋዋ ናት። ሰላምታ እንኳ የለንም። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ክንዴን ይያዙ አባባ። ዓይን ሐኪም ቤት አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"መጀመሪያ እንድረስ።"

ደረስን። ነርሷ "አስታማሚዎ ማን ነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ልጅ የላቸውም?"

"አላቸው። ሥራ ላይ ነው።"

ይሄን ስትል ደግ ትሁን ተሳዳቢ... እስካሁን አልለየሁም።

ገባሁ። ተሠራልኝ። ዓይኔ ተሸፍኖ ስወጣ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያለከልካል።

"አባዬ፣ ለምን አልጠራኸኝም?"

የመለሰችለት ሰፊዋ ናት።

"ጠርተውሃል። ሰምተናል።"

"እነማን ናችሁ የሰማችሁት?"

"የምናይህ ሁሉ ነን። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ጠዋት ጠዋት የምሰማው አንተን ነው። ማይክህ ክፍት ነው እኮ... አባትህ ሲለምኑህ ሰማን፣ በሩ ሲዘጋ ሰማን። 'አባትህ ሄዱ፣ ተነሥ' ብለን ጻፍንልህ። ሰው ሁሉ ነው የጻፈልህ። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ሮጥኩ።"

ልጄ መሬት መሬቱን አየ።

"ታዲያ መቼ አነበብከው?" አልኩት።

"...ስጨርስ።"

ስጨርስ!

ይሄን የምታነቡት በራሱ በልጄ ገጽ ላይ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናገራለሁ፣ ይጽፋል። አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ ብዬዋለሁ። አሁን እዚህ ጋ ሲደርስ እጁ ዘገየ።

ልጆቼ... ጌም ውስጥ ያሉት ሽማግሌ አይደክማቸውም። ብትተዉአቸው ስትመለሱ ታገኟቸዋላችሁ። ቤት ያለው አባት ግን ይደክመዋል። ዞር ብላችሁ እዩት። ሲሄድ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

የግራ ዓይኔ ተራ ደግሞ ቀርቧል። ልጄ "እኔ ነኝ የምወስድህ" ይላል። ሰፊዋም "ይጥሩኝ ብቻ" ብላለች።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ከማን ጋር ትሄዱ ነበር?

እስቲ ጻፉልኝ... ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብልኝ እሱ ነው።