ቢጫው ገመድ

ልጅቷ የማጫወቻውን ነጭ ገመድ በነጭ፣ ቀዩን በቀይ ቀዳዳ ሰክታለች። ቢጫው ገና እጇ ላይ ነው። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተንበርክካ፣ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ "ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ" ትላለች። ከፊት በኩል ክፍሉ በጎረቤት ጢም ብሏል።

እናቷ ዛሬን ለሰፈሩ ስታውጅ ነው የከረመችው። እንቁላል ባደረሰችበት ደጅ ሁሉ፣ ልጄ ሰርጓን በሲዲ፣ ማጫወቻውንም ጨምራ ይዛልኝ ትመጣለች እያለች። ሰፈሩ "እንቁላሏ" ይላታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ለዛሬ የእንቁላል ካርቶኖቿን አልጋ ሥር ከታ፣ ወንበር ተውሳ፣ ያላትን አንድ ደህና ሻርፕ አስራለች።

ሰርግ ሲባል እንግዲህ ፊርማው ነው፤ እናት የምታውቀው ይህንኑ ነው። ልጅቷ በስልክ፣ ድግስ የለም እማዬ፣ ፈርመን ወደየሥራችን ነው ብላት ነበር። ድግሱ ግን ነበረ፣ ያውም አዳራሽ ሙሉ። የባሏ ዘመዶች እናቷን ምን ይሠራሉ ብለው ሲጠይቁ፣ እናቷም በዚያ ቀልደኛ ትልቅ ድምጿ "እንቁላል!" ብላ ስትመልስ እየታያት ነው ያልጠራቻት። ሌላ ምክንያት የላትም። ካሜራማኑንም ለምና፣ ፊርማውና ጥቂት ፎቶ ብቻ ያለበት አጭር ሲዲ ለእናቷ አሠርታለች።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት መጠበቅ አልሆነላትም። ሲዲውን ከሻንጣው አውጥታ ጽሑፉን ታነባለች።

"ሙሉው፣ ይላል። ጎሽ፣ ምንም አይቀርብንም።" ማጫወቻው ውስጥ ትከተዋለች።

ከቴሌቪዥኑ ኋላ የልጅቷ እጅ ቀጥ ይላል። ሻንጣውን ያዘጋጀው ባሏ ነው። ምስኪን፣ ለአማቴ ሙሉው ይሻላል ብሎ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ሁለት ቢጫ ቀዳዳ አለው፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። ስዕል የሚያመጣውን ቢጫ ገመድ መውጫው ላይ ትሰካዋለች። ማንም ጎንበስ ብሎ ቢያይ ቢጫው በቢጫ ነው።

ጉልበቷን እያራገፈች ትወጣለች። የቴሌቪዥኑ መስኮት ጥቁር ነው። ገመዱ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ሌላ ጊዜ ገዝቼ እመጣለሁ ትላቸዋለች፣ ከልቧ ያዘነች መስላ። ይህን ያህል ማስመሰል እንደምትችል አታውቅም ነበርና በራሷ ታፍራለች። እናቷ፣ ምን ይደረግ፣ ዕቃ ነው ብላ ታጽናናታለች።

"ዘፈኑን እንኳ እንስማ እንጂ" ትላለች ሰፊዋ፣ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ከፍ እያደረገች።

ድምፅ የሚያመጡትን ነጩንና ቀዩን ረስታቸዋለች። ዘፈን ይሰማል፣ ወንበር ይንኳኳል፣ የብዙ ሰው ሳቅ ክፍሉን ይሞላዋል። ይሄ ሁሉ ሰው ለፊርማ ነው እንዴ ይላል፣ ጥግ የተቀመጠው ጡረተኛ ሹፌር። ከዚያ የመድረክ መሪው ድምፅ ይመጣል።

"አሁን ደግሞ የሙሽሪት እናት ጥቂት ቃል ይነግሩናል።"

ጭብጨባ። "ልጄ" ይላል ከጭብጨባው በኋላ አንድ የሴት ድምፅ። ልጅቷ በእናቷ ቦታ ያቆመቻት የመሥሪያ ቤት አለቃዋ ሚስት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የተማረ፣ ረጋ ያለ።

ሁሉም ወደ እናት ይዞራሉ። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። እናት እንቁላል ደህና መሆኑን በብርሃን ስታይ እንደምታደርገው አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ጥቁሩን መስኮት ታያለች። ሴትየዋ ንግግሯን እስክትጨርስ አትንቀሳቀስም።

"እሷ ናት" ትላለች በመጨረሻ። "መኪና እንደሚያጥወለውለኝ ታውቁ የለ። እኔ መንገዱን አልችለውም፣ አንቺ በቦታዬ ቁሚልኝ ብያት ነው። እንዴት አድርጋ ተናገረችልኝ!"

ልጅቷ ለባሏ ዘመዶች የነገረቻቸው ውሸትም ይኸው ነበር። መኪና አይስማማትም ብላ ነበር፣ እንዲሁ በቀላሉ።

"ለእኛ ግን ድግስ የለም አልሽን" ትላለች ሰፊዋ።

"ዋሸኋችኋ። ሳትጠራን ብላችሁ ልጄን እንዳትቀየሙብኝ ብዬ። ከተቀየማችሁም እኔን ተቀየሙኝ።"

ሰፊዋ የምር ተቀይማለች፤ ወንበሯን ትንሽ ሸሸት ታደርጋለች። ሹፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ለዚህ ሰፈር አንድ የተበላሸ እንቁላል ሰጥታ የማታውቅ ሴት፣ ጎረቤቶቿ ፊት ውሸታም ሆና ተቀምጣለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሊል የተነሣው የልጅቷ አፍ ተከፍቶ ይቀራል።

እናቷ አታያትም። ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ ትነግራታለች።

"ገመዱ ደህና ነው። ሂጂ አስተካክይውና ይዩሽ።" ወደ ሰፊዋ ዞር ብላም፣ ሴትየዋ የምትናገርበት ጋ መልሽልኝ ትላታለች።

ልጅቷ ተመልሳ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ትንበረከካለች። ቢጫውን ከመውጫው ነቅላ መግቢያው ላይ ትሰካዋለች። ከዚህ ሆና ስዕሉ አይታያትም፤ የሚታያት ብርሃኑ ያረፈባቸው ፊቶች ናቸው። ሰፊዋ ኩርፊያዋን ረስታ ቀሚሱን ታደንቃለች። ልጅቷ መውጣት ትችላለች፣ ግን አትወጣም።

"አሁን ደግሞ የሙሽሪት እናት" ይላል መሪው እንደገና።

እናቷ በሁለት እጇ ሻርፗን ታስተካክላለች። ያፈነገጠች ፀጉሯን ወደ ውስጥ ትመልሳለች። ከዚያም ከመድረክ እንደተጠራ ሰው፣ ወንበሯ ላይ ቀና ትላለች።